በፈረንሳይኛ የጭውውት ቡድን ያሳለፍኳቸው ሐሙሶች

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን በመጣሁበት ጊዜ፣ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ምሽት ጋቢ ደርባ ብቅ አለችና «እትዬ፣ ከመሄዴ በፊት የትኛውን የፈረንሳይኛ ሰዋስው መጽሐፍ ገዝቼ ልጨርስ?» ስትል ጠየቀችኝ። ባለቤቷ የሚኖረው ብራስልስ ሲሆን፣ ቪዛዋ ወጥቶ ጉዞዋ ሊደርስ የቀረው አንድ ወር ያህል ብቻ ነበር። ጥያቄዋ አሳዘነኝ። እኔም እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ልሄድ ስነሳ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበርና፣ ያገኘሁትን መልስ ተከትዬ መጽሐፍ ላይ ማቀርቀሬ ሁለት ዓመት ሙሉ አንደበቴን ዘግቶት ቆይቷል። በዚያ ክረምት ቡና እየተፈላ ለእርሷ የነገርኳትን፣ ከሰሜን ሸዋም ሆነ ከሌላ አካባቢ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት አገር ለሚሄዱ ሌሎችም እንዲጠቅም በማሰብ እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ ያስቀመጥኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተወለድኩት አንኮበር፣ ትምህርቴን የጨረስኩት ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው። ባደግሁበት ቤት ልጅ በትልልቅ ሰዎች መካከል ዝም ብሎ ያዳምጣል እንጂ በጨዋታቸው ጣልቃ አይገባም፤ አያቴም «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሳትል የዋለችበት ቀን አይታወሰኝም። ይህ አስተዳደግ ብዙ መልካም ነገር ሰጥቶኛል፤ የሰው አገር ቋንቋ በምለምድበት ጊዜ ግን እንደ ልጓም ያዘኝ። ዓረፍተ ነገሩ በልቤ ተስተካክሎ ካላለቀ በቀር ከአፌ እንዲወጣ አልፈቅድለትም ነበር፤ ተስተካክሎ ሲያልቅ ደግሞ የሰዎቹ ጨዋታ ሌላ ቦታ ደርሶ አገኘዋለሁ።

ፈረንሳይ ለመኖር በቤተሰብ ማገናኘት የሚገባ ሰው ከመንግሥት ጋር የውህደት ውል ይፈርማል፤ እኔ በገባሁበት ጊዜ የቋንቋ ደረጃው ተፈትኖም እንደ አቅሙ የተወሰነ ሰዓት ነጻ ትምህርት ይመደብለት ነበር። ለእኔ የደረሰኝ 200 ሰዓት ነበር። ትምህርቱ ማንበብና መጻፍን በሚገባ አስጀምሮኛል፤ ነገር ግን በአንድ ክፍል ከ15 የማናንስ ሰዎች ስለነበርን ለአንዱ ተማሪ በቀን የሚደርሰው የመናገሪያ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ እኔ ደግሞ ያችንም ለሌላ ሰው በደስታ እለቅ ነበር። በማርች 2020 አገሩ በኮቪድ ምክንያት ሲዘጋ ትምህርቱ ተቋረጠና፣ ቤት ተቀምጬ የግስ እርባታ ስገለብጥ ሦስት ደብተር ሞላሁ። ማዘጋጃ ቤት፣ ባንክ ወይም የስልክ ጉዳይ ሲኖር የሚናገርልኝ ባለቤቴ ነበር። ይህን ያደረገው ከፍቅር ነው፤ እኔም እንደ እረፍት ቆጠርኩት። ዛሬ ሳስበው ግን ከስህተቶቻችን ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። ቀድሟችሁ የሄደ የትዳር አጋር ያላችሁ ሁሉ፣ ቢያንስ የዳቦ ቤቱንና የመድኃኒት ቤቱን ጉዳይ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለራሳችሁ አስቀሩት።

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ በ2021 የሆነ አንድ ጠዋት ነው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ለደም ምርመራ ብቻዬን ሄድኩ። ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳልቀምስ ታዝዤ ነበር፤ እኔም አልቀመስኩም። ነርሷ ወረቀቴን እያየች «ቩ ናቬ ፓ ማንዤ?» አለችኝ፤ «አልበሉም?» ማለቷ ነው። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ፣ አልበላሁም» ብሎ ይመልሳልና፣ እኔም ያለ ምንም ጥርጣሬ «ዊ»፣ ማለትም «አዎ»፣ አልኩ። ነርሷ ግራ ተጋብታ «እንግዲያው በልተዋል?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ፤ ይህኛውን ጥያቄ ደግሞ ስላልያዝኩት፣ ያልገባኝን ሁሉ በማልፍበት ልማዴ አሁንም «ዊ» አልኩ። ነገ ሳይበሉ ይምጡ ተብዬ ከነረሃቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በኋላ ወረቀቱን ስመለከት ሳይበሉ መቆየትን የሚገልጸው «አ ዠን» የሚለው ቃል ከላይ በጉልህ ተጽፏል። ሰባቱን አጽዋማት እየጾምኩ ያደግሁ ሰው፣ የጾምን ቃል በምኖርበት አገር ቋንቋ አላውቀውም ነበር። በዚያ ቀን አለቀስኩ። ማታ እናቴ ደውላ ነገሩን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ልጄ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብቻ አለችኝ። በዚህ በኩል ያለው ተረትም የእኛው ነበር ማለት ነው፤ ለካ ስይዝ የኖርኩት አንዱን ወገን ብቻ ነው።

የጭውውት ቡድን መኖሩን የነገረችኝ አንዲት ቬትናማዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። በፈረንሳይ ከተሞች እነዚህ ቡድኖች በብዛት የሚገኙት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ «ሶንትር ሶሲያል» በሚባሉት የሰፈር ማዕከላትና በበጎ አድራጎት ማኅበራት ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ገብታችሁ «አትሊዬ ድ ኮንቬርሳሲዮን» ካላችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ይነግሯችኋል። አብዛኞቹ በነጻ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አነስተኛ ዓመታዊ መዋጮ ይጠይቃሉ። ከትምህርት ቤት የሚለዩት ፈተና፣ የስም ጥሪና የቤት ሥራ ስለሌላቸው፣ ደግሞም ጀማሪውና የተሻለው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚቀመጡ ነው። እኔ የገባሁበት ቡድን ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይሰበሰብ ነበር። የሚመሩት ሁለት በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ አንደኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። አልጄሪያዊ፣ አፍጋናዊ፣ ብራዚላዊ፣ ቱርካዊ፣ ሁላችንም በየራሳችን ቅላጼ ፈረንሳይኛን ስንሰባብር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያፍር ሰው አለመኖሩን ያየሁት ገና በመጀመሪያው ሐሙስ ነው። እኔ ብቻ አፍር ነበር።

በዚያ ዕለት የደም ምርመራውን ታሪክ በተሰባበረ ቋንቋ ተናገርኩ። መምህርቷ በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ ወረቀት አንስተው አንድ ነገር አሳዩኝ። ፈረንሳይኛ በአሉታ ለተጠየቀ ጥያቄ የተለየ መልስ አለው፤ «አልበሉም?» ሲባል፣ ያልበላ ሰው «ኖን» ይላል፣ የበላ ሰው ደግሞ «ዊ» ሳይሆን «ሲ» ይላል። «ሲ» ማለት «የለም፣ እንዲያውም በልቻለሁ» እንደማለት ነው። ይህችን አንዲት ፊደል የምታህል ቃል በሦስቱ ደብተሮቼ ውስጥ አንድም ቦታ አልጻፍኳትም። ከአማርኛ የምንነሳ ሰዎች ሁሉ እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ አጥብቄ እለምናለሁ፤ በሐኪም ዘንድ፣ በመሥሪያ ቤት መስኮት፣ በቃለ መጠይቅ፣ «አላደረጉም?» ተብላችሁ ስትጠየቁ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» አትቁሙ፣ «አልበላሁም» ወይም «በልቻለሁ» ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና ማለት ግን አይደለም። በሁለተኛው ወር አንዲት የአገሬን ልጅ አግኝቼ ወደ ቡድኑ አመጣኋት፤ ጎን ለጎን መቀመጥም ጀመርን። ያልገባኝን በአማርኛ ትነግረኛለች፣ ያልገባትን እነግራታለሁ፣ ቀስ በቀስም ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጨዋታ ሆነ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ስንቆይ ሁለታችንም ከነበርንበት ፈቀቅ አላልንም። የአገር ሰው በስደት ምን ያህል እንደሚናፈቅ ለሚያውቅ ይህን መተው ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ተነጋግረን አንድ ውሳኔ ላይ ደረስን፤ በቡድኑ ውስጥ በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ እንቀመጣለን፣ አማርኛውን ደግሞ ከወጣን በኋላ እስከ ትራም ጣቢያው እየሄድን እንጫወተዋለን። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሁለታችንም ተለወጥን፤ የትራም መንገዱ ጨዋታችንም በዚያው ልክ ጣፈጠ።

ሌላው ስህተቴ በቃል ማጥናት ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ርእስ አስቀድሞ ስለሚነገረን፣ እቤት አንድ ገጽ ጽፌ አስተካክዬና ሸምድጄ እሄዳለሁ። ንግግሬን ስጨርስ ሁሉም ያደንቃሉ፤ አንድ ሰው ጥያቄ የጠየቀኝ እንደሆነ ግን ባዶ እሆናለሁ። የባቡር ሠራተኛው ይህን አይተው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ንግግር ሳይሆን ለሌሎች የማቀርባቸውን አምስት ጥያቄዎች ይዤ እንድመጣ መከሩኝ። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጥያቄ አጭር ነው፣ በትክክል ሊዘጋጅ ይችላል፣ መልሱን ለማግኘት ደግሞ ማዳመጥ ግድ ይላል፤ መልሱ ውስጥ ያለውን ቃል ወስዶ መልሶ መናገር ደግሞ ጭውውት ራሱ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ግን በቃላችሁ ያዙ፦ «ቩ ፑቬ ሬፔቴ፣ ሲል ቩ ፕሌ?» ማለትም «ሊደግሙልኝ ይችላሉ?»፣ «ኮሞን ኦን ዲ?» ማለትም «ይህ ምን ይባላል?»፣ «ኬስ ክ ሳ ቩ ዲር?» ማለትም «ምን ማለት ነው?»። እነዚህን በያዘ ሰው ላይ ያልገባውን በ«ዊ» የማለፍ ልማድ ቦታ አያገኝም።

ከአገር ይዘናቸው የምንሄዳቸው፣ እኛ ልብ የማንላቸው ነገሮችም አሉ። እያዳመጥን መሆናችንን ለማሳየት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» የምንለውን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ብራዚላዊቷ ስለ እናቷ ስታወራ እኔ እንደ ልማዴ «እ»፣ «እ» ስላት ንግግሯን አቋርጣ ያስደነገጠኝ ወይም ያመመኝ ነገር እንዳለ በጭንቀት ጠየቀችኝ። ፈረንሳዮቹም የሚረዱት እንደ ድንጋጤ ነው። እኔ አልተውኩትም፣ መተውም አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ አስቀድሞ መንገር ግን ከብዙ አለመግባባት ያድናል።

የ«አንተ» እና የ«አንቱ» ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስቸግሮኛል። ፈረንሳይኛ እንደ እኛ ሁሉ «ቲዩ» እና «ቩ» ብሎ ይለያል፤ ነገር ግን መለያው እንደ ሸዋው አይደለም። በቡድኑ ውስጥ ሁሉም «ቲዩ» ይባባላሉ፤ እኔ ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰው «አንተ» ለማለት አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ሁለቱንም ላለመናገር ስል ጥያቄ መጠየቅ እስከማቆም ደረስኩ። ለመምህርቷ ስነግራቸው የሰጡኝን መልስ ላካፍላችሁ። በ«ቩ» የጀመረ ሰው አይሳሳትም፤ «ኦን ስ ቲዩቷ?» ማለትም «አንተ እንባባል?» ብለው ከጠየቁ ግን መቅረብ መፈለጋቸው ነውና፣ እምቢ ማለት ክብር መስጠት ሳይሆን መራቅ ይመስላቸዋል። መምህርቷን እስከ መጨረሻው «ቩ» አልኳቸው፣ እርሳቸውም ገብቷቸው ተውኝ፤ ሌሎቹን ግን ለመድኳቸው።

አንደበቴን በእርግጥ የፈታው የ2022 ጸደይ ላይ የተደረገ አንድ ጭውውት ነው። ርእሱ የተወለድንበት ቦታ ነበር። እኔ ወደ ካርታው ጠጋ ብዬ «አንኮበር» ስል፣ የባቡር ሠራተኛው ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ራምቦ የሄደበት አንኮበር?» አሉኝ። አርተር ራምቦ ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነ፣ ፈረንሳዮች በትምህርት ቤት የሚያጠኑት ባለቅኔ ነው። በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር እንደደረሰና፣ ንጉሡን እዚያ ባለማግኘቱ ወደ እንጦጦ እንደቀጠለ የሰማሁት ከእርሳቸው አፍ ነው። በተወለድኩበት ቀበሌ ላይ ያለፈን ሰው ታሪክ በሊዮን ከተማ መስማቴ እንቅልፍ ነሳኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከርሜ በሚቀጥለው ሐሙስ እኔ በተራዬ ነገርኳቸው፤ ከራምቦ ብዙ ዓመት በፊት ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት መምጣቱን፣ በ1843 ደግሞ በሸዋና በፈረንሳይ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል መፈረሙን አስረዳኋቸው። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ተራራውን ሲሸፍነው፣ ገበያ የሚወጡት ሰዎች ከጉሙ ውስጥ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ሲሉ እንዴት እንደሚታዩም ነገርኳቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ግሶቹን ሁሉ በአሁን ጊዜ እያረባሁ፣ ተባዕቱን አንስታይ፣ አንስታዩን ተባዕት እያልኩ ነበር፤ አንድም ሰው አላቋረጠኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈራው ስህተት፣ ሰው የምናገረውን ነገር ሊሰማ ሲጓጓ ቦታ እንደሌለው በዓይኔ አየሁ።

መምህርቷ በየሐሙሱ መጨረሻ ለእያንዳንዳችን የሚሰጡን ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ ከሰሟቸው ስህተቶች ሦስቱን ብቻ ይጽፉባታል። ለእኔ «ል» እና «ላ» የሚሉትን የጾታ መለያዎች ለረጅም ጊዜ አልጻፉልኝም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዕቃን ስንወደው ወይም ስናሳንሰው «እሷ» እንላለንና፣ ቤት ሁልጊዜ ሴት፣ ወንበር ሁልጊዜ ሴት መሆኑን መልመድ ዓመታት ይወስዳል፤ ትርጉም ግን ብዙም አያበላሽም። ትርጉም የሚያበላሸው ድምፅ ነው። «ደሱ» ስንል ለእኛ አንድ የሚመስለን ቃል በፈረንሳይኛ ሁለት ነው፤ አንዱ «ከላይ»፣ ሌላው «ከታች» ማለት ሲሆን፣ ልዩነታቸው የመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ናት። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ስሠራ ከታች አስቀምጪ የተባልኩትን ከላይ እያስቀመጥኩ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አልቆጠርኩትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስታወት ፊት ቆማችሁ «ኢ» በሉ፣ ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ብቻ «ኡ» ለማለት እንደምታሾሉት አሹሉት። የሚወጣው ድምፅ በአማርኛ የሌለው፣ «ከላይ» የሚለውን ቃል የሚሠራው ነው።

ቁጥርንም ችላ አትበሉ። ፈረንሳዮች 70ን «ስልሳና አስር»፣ 80ን «አራት ሃያ»፣ 90ን «አራት ሃያ ከአስር» እያሉ ይቆጥራሉ፤ ስልክ ቁጥርንም ሁለት ሁለት አሃዝ እያጣመሩ ይናገራሉ። ቤልጅየምና ስዊዘርላንድ ለሚሄዱ 70 «ሴፕታንት»፣ 90 «ኖናንት» ይባላልና እፎይ ይላሉ። እኔ ከቡድኑ ሰዎች ጋር በየሳምንቱ ስልክ ቁጥር በቃል እየተነጋገርን በመጻፍ ነው የለመድኩት። ረቡዕ ማታ ደግሞ አር ኤፍ ኢ የተባለው የፈረንሳይ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበውን የ10 ደቂቃ ዜና አዳምጥ ነበር፤ ጽሑፉ ከድምፁ ጋር ስለሚወጣ፣ በመጀመሪያ ሳላይ፣ ቀጥሎ እያየሁ ሰምቼው ሐሙስ ዕለት አንዱን ዜና እጠይቅበታለሁ።

ቡድን ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ልንገራችሁ። የሥራ ፈረቃዬ በተለወጠ ጊዜ ለጥቂት ወራት ሌላ ቡድን ሞክሬ ነበር፤ መሪው ደግ ሰው ቢሆኑም ሰዓቱን በሙሉ የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ። ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ በድምሩ አምስት ደቂቃ እንኳ ካልተናገራችሁ፣ ያለ ይሉኝታ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። እኔ በይሉኝታ አራት ወር ቆየሁ።

በ2023 ዴልፍ ለሚባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና በቢ1፣ ማለትም በመካከለኛው ደረጃ፣ ተቀመጥኩ። ለማለፍ ከ100 ነጥብ 50 ማምጣትና ከአራቱ ክፍሎች በአንዱም ከ25 ነጥብ ከ5 በታች አለመውረድ ያስፈልጋል። በቃል ፈተናው አንድ አጭር ጽሑፍ ላይ ሐሳቤን እንድገልጽና የፈታኙን ጥያቄ እንድመልስ ስጠየቅ፣ ክፍሉ የሐሙሱ ክፍል መሰለኝ፤ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘሁትም በዚያው ነው። ይህን የማነሳው ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ስለከበደ ነው። በፈረንሳይ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት የሚሰጠውን የመኖሪያ ፈቃድ መጀመሪያ ለማግኘት ከቢ1 ዝቅ የሚለው የኤ2፣ ለአሥር ዓመቱ ፈቃድ የቢ1፣ ለዜግነት ደግሞ ከፍ የሚለው የቢ2 ደረጃ ይጠየቃል። እንደ እኔ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ማሳለፍ አሁን የወረቀት ዋጋም ያስከፍላል።

ለጎረቤታችን ልጅ መጽሐፍ አላዘዝኩላትም። በዚያ ክረምት በቀረን ጊዜ፣ ውጭው እየዘነበና የደብረ ብርሃን ብርድ በበሩ ስር እየገባ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እናቴ ቡና ስታፈላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እየመጣች በፈረንሳይኛ ብቻ እንጫወት ነበር። መጀመሪያ የተለማመድነው ሰላምታ ነው፤ ሱቅ ሲገቡ ከሁሉ አስቀድሞ «ቦንዡር» አለማለት በእነርሱ ዘንድ ነውር ነውና። ከዚያ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች፣ ከዚያ ጥያቄ መጠየቅን ተለማመድን። እናቴ አንዲት ቃል ሳይገባት ስኒ እያቀበለች በፊታችን ላይ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። ልጅቷ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አቦሉ እንደተቀዳ «ቲዩ ና ፓ ፐር?» አልኳት፤ «አትፈሪም?» ማለቴ ነው። ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት አሰበች።

«ሲ» አለችኝ።